ሐረጎን ከመውረድዎ በፊት፦ ስለ ብስክሌት ዲስክ ፍሬን ለጠየቃችሁን መልሶች

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ተራራ ብስክሌት ዲስክ ፍሬን ነው። «ዲስክ» የምንለው ከሞዞው (ከጎማው እምብርት) ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ «ሸራ» የምንለው ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚነክሱትን ሁለት ቁራጮች፣ «ካሊፐር» የምንለው ደግሞ ሸራዎቹን ያቀፈውን ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ ግማሽ እንደደረስኩ ፍሬኔ እምቢ ይላል። እጀታው እንደወትሮው ጠንካራ ነው፤ ብጨምቀውም ግን ብስክሌቱ አይቆምም። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ታች ደርሼ ትንሽ ካረፍኩ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይይዛል። ዲስኩም ሰማያዊ መልክ አውጥቷል። ልቀይረው?
*ከደሴ፣ ፒያሳ*

መልስ፦ እጀታው ጠንካራ መሆኑን መጻፍዎ ብዙ ጠቅሞናል። በቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ እጀታው እንደጠነከረ ሆኖ ፍሬኑ የማይዝበት ነው። ይህ የሸራ ነገር ነው፤ ሸራውን ያጣበቀው ሙጫ ከልክ በላይ ሲግል መንከሱን ትቶ ዲስኩ ላይ ይንሸራተታል። ሁለተኛው፣ እጀታው እየላላ ሄዶ መሪው ድረስ የሚገባበት ነው። ይህ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ላይ ብቻ የሚደርስ ሲሆን ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወይም ዘይቱ ውስጥ የገባው ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል ማለት ነው። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። የእርስዎ የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ በቁጥር እንየው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ወደ 600 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። እርስዎና ብስክሌትዎ አብራችሁ 90 ኪሎ ግራም ብትመዝኑ፣ ያን ከፍታ ስትወርዱ የሚለቀቀው ኃይል 530 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ይህ አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ ቀሪው እያንዳንዳቸው ከ100 እስከ 200 ግራም በሚመዝኑ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ለስለስ አድርጎ ይዞ መውረድ ከሁሉ የከፋው አያያዝ ነው፤ ዲስኩ ለአፍታም አየር አያገኝም። ቀጥ ባለው ቦታ ላይ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ኩርባው ከመድረሱ በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች አብረው ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲበርድ እንደገና ይልቀቁ። ሽታው ከመጣ ከአስፋልቱ ዳር ወጥተው ዐሥር ደቂቃ ይቁሙ። ዲስኩን በእጅዎ አይንኩ። ውኃም አያፍሱበት፤ የጋለ ቀጭን ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል።

ከዚያ ቤትዎ ሆነው ሸራዎቹን አውጥተው ይዩ። ፊታቸው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሙቀት አድርቋቸዋል። ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተው፣ ሸራውን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ብልጭታው እስኪጠፋ ይሹት። ከብረት ጀርባው በላይ የቀረው የሸራ ውፍረት 0.5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ግን መሞረዱ ትርፍ የለውም፤ ይጣል።

ዘላቂው መፍትሔ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሙቀት የሚችል የብረት ዱቄት ሸራ ማስገባት። በገበያ ላይ «ሜታል» ወይም «ሲንተርድ» ይባላል። ከዚያ በፊት ግን ዲስክዎ ይህን ሸራ የሚቀበል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጉዳይ ከታች በሰፊው ጽፈናል። ሁለተኛ፣ የፊቱን ዲስክ ከ160 ወደ 180 ሚሊ ሜትር ማሳደግ። ቁልቁለት ላይ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያደላ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ሸራው ዲስኩን የሚነክስበት ርቀት ከመሐል 10 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚጨምር፣ በዚያው የእጅ ጉልበት የማቆም ኃይሉ 12 በመቶ ገደማ ያድጋል። ብረቱም ስለሚበዛ ሙቀቱን ይበልጥ ይችላል። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ካለዎት ሸራውን ያስቀድሙ።

ሰማያዊው መልክ ብቻውን ዲስክ አያስጥልም። የሚያስጥሉት መጣመም፣ መሰንጠቅና መሳሳት ናቸው።

ጥያቄ፦ ለልጄ የገዛሁለትን ብስክሌት ሰፈር ያሉ ልጆች በናፍጣ አጠቡለት። ከዚያ ወዲህ ፍሬኑ እየጮኸ ሰፈሩን ያውካል፤ አጥብቆም አይይዝም። እሳት ላይ ጣል ብታደርጉት ይደርቃል የሚሉኝ አሉ።
*ከደሴ፣ ሆጤ*

መልስ፦ እሳት ላይ እንዳያደርጉት እንለምንዎታለን። ሸራው ከብረት ጀርባው ጋር የተያያዘው በሙጫ ነው። ከሰል ላይ ሲያስቀምጡት ዘይቱ ጢሶ ይወጣል፤ ሙጫውም አብሮ ይደክማል። ልጅዎ ቁልቁለት ላይ ሲይዝ ሸራው ከጀርባው ተላቆ ሊወድቅ ይችላል።

ናፍጣ ራሱ ዘይት ነው፤ ደርቆ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ዲስኩ ግን ይድናል። ጎማውን ከነቸርኬው ያውጡና ዲስኩን በሁለት ንጹሕ ጨርቅ ያጽዱት። በመጀመሪያው ጨርቅ ላይ ከፋርማሲ የሚገዛ ንጹሕ አልኮል አፍስሰው ይጥረጉ፤ ሁለተኛው ጨርቅ ምንም ጥቁር ነገር እስከማያወጣ ድረስ ይድገሙ። የእጅ ማጽጃ ጄል አይሆንም፤ ቆዳ እንዳይደርቅ የሚጨመርበት ግሊሰሪን ዲስኩ ላይ ይቀራል። ካጸዱት በኋላ የሚነከሰውን የዲስኩን ክፍል በጣትዎ አይንኩት፤ የእጅ ቅባትም ይበቃዋል።

የሸራው ነገር ይከብዳል። ሸራ እንደ ስፖንጅ ነው፤ የጠጣውን ዘይት መልሶ አይሰጥም። ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ሞርደው በአልኮል ያጥቡት። ሲደርቅ አሁንም ጠቆር ያለ የወዛ ቦታ ካለው አዲስ ሸራ ይግዙ። አዲሱን ሸራ ባልጸዳ ዲስክ ላይ ከገጠሙት በአንድ ቀን እንደ አሮጌው ይሆናል።

አዲስ ወይም የተሞረደ ሸራ መለማመድ አለበት። ሜዳማ ቦታ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት እየነዱ፣ ጎማው ሳይቆለፍ ፍጥነቱ የእግር መንገድ እስኪሆን ድረስ ፍሬኑን መያዝ፤ ከዚያ መልቀቅ። ይህን 20 ጊዜ ያህል ይድገሙት፤ አንድ የፊት፣ አንድ የኋላ እያሉ። በዚህ ጊዜ የሸራው ዱቄት ዲስኩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ፍሬኑ የሚይዘው በዚያ ሽፋን ላይ ነው። ይህ ሥራ ሳይሠራለት ሐረጎ ላይ የወጣ አዲስ ሸራ ገና በመጀመሪያው ቀን መስታወት ይሆናል።

ጉም በወረደበት የደሴ ጠዋት ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም ካለ ግን ጤነኛ ነው፤ እርጥበቱን እየጠረገ ነው።

ጥያቄ፦ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የኋላ ጎማዬ ሲዞር «ቺር… ቺር…» ይላል። አንዱ ካሊፐሩ ነው፣ ሌላው ዲስኩ ተጣሟል ይለኛል። ማንን ልመን?
*ከኮምቦልቻ*

መልስ፦ ጎማውን አንሥተህ አዙረውና ጆሮህን ስጠው። ድምፁ ሳይቋረጥ የሚፈጭ ከሆነ ካሊፐሩ መሐል ላይ አይደለም። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ «ቺር» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። እንደጻፍከው ከሆነ የአንተ ሁለተኛው ይመስላል። ይሁንና የመጀመሪያውን አስቀድመህ አስተካክል፤ ቀላል ነው።

ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ባለ 5 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ይዘህ በግማሽ ዙር አላላ። ፍሬኑን ጨምቀህ ያዝ፤ ካሊፐሩ ራሱ ዲስኩን ፈልጎ መሐል ይገባል። እጀታውን ሳትለቅ ብሎኖቹን ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት እያልክ አጥብቅ። አንዱን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ካጠበቅኸው ካሊፐሩ ከብሎኑ ጋር ይዞርብሃል። ይህ የሚሠራው ሁለቱም ሸራዎች በሚንቀሳቀሱበት የዘይት ፍሬን ላይ ነው። አንድ ወገን ብቻ የሚገፋ የሽቦ ፍሬን ከሆነ መጀመሪያ የቆመውን ሸራ በማስተካከያው ለዲስኩ አቅርበው፤ አንድ ወረቀት በመካከላቸው ማለፍ ይበቃዋል።

ከዚህ በኋላም «ቺር» ካለ፣ ከካሊፐሩ ኋላ ነጭ ወረቀት አድርገህ በሸራዎቹ መካከል ያለውን ብርሃን እያየህ ጎማውን ቀስ ብለህ አዙር። ዲስኩ ወደየትኛው ወገን እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚነካ ትለያለህ። ቦታውን በእስክሪብቶ ከሚነከሰው ክፍል ውጪ ምልክት አድርግበት። የሚስተካከል መፍቻን በአልኮል ጠርገህ አፉን በዲስኩ ውፍረት ልክ አጥብበውና ወደ ተቃራኒው ወገን በጣም ትንሽ ግፋ። ገፍተህ ልቀቅ፣ አዙር፣ እይ፣ ድገም። አንድ ጊዜ በኃይል የገፋ ሰው ከአንድ ጥመት ሁለት ያተርፋል። በፒንሳ ግን አትንካው፤ ጥርሱ ዲስኩን ይቧጥጠዋል።

ጥያቄ፦ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። የሺማኖ ፍሬን ዘይቱ አልቆ መጣልኝና የመኪና ፍሬን ዘይት ሞላሁለት። በሳምንቱ እጀታው ተጨምቆ አልመለስ አለ። ምን አጠፋሁ?
*ከኮምቦልቻ*

መልስ፦ ወንድማችን፣ የመኪናው ዘይት «ዶት» የሚባለው ዓይነት ነው። ሺማኖ፣ ቴክትሮና ማጉራ የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው፤ ዘይቱን የሚያሽጉት የውስጥ የላስቲክ ጎማዎቻቸው የተሠሩት ለዚያ ነው። ዶት ሲገባባቸው ያብጣሉ፤ ያበጠ ጎማ ደግሞ ፒስተኑን (በእጀታውና በካሊፐሩ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደውን ክፍል) አንቆ ይይዛል። በተቃራኒው ዶት በሚጠቀሙት የኤስራም ፍሬኖች ላይ የማዕድን ዘይት ቢሞሉ ያው ጥፋት ይደርሳል። የትኛው እንደሆነ በእጀታው ክዳን ላይ ተጽፏል፤ ካልተጻፈ በሞዴሉ ስም ሳያረጋግጡ አይክፈቱት።

ጎማው ካበጠ በኋላ ማጠብ አያድነውም። ሺማኖ የእጀታውንና የካሊፐሩን የውስጥ ጎማ ለብቻው ስለማይሸጥ፣ ሁለቱም ከነቱቦው መለወጥ አለባቸው። የምግብ ዘይትና የሞተር ዘይት የሚሞሉም አሉ፤ አይሆንም። ለአንድ ጎማ ፍሬን ከ50 ሚሊ ሊትር ያነሰ ይበቃል፤ 100 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የሺማኖ ጠርሙስ የፊቱንም የኋላውንም ትሞላለች።

ዘይቱ በራሱ «አለቀ» የሚባል ነገር እንደሌለም ልብ ይበሉ። ወይ ሸራው ሳስቶ ፒስተኖቹ ወጥተዋል፣ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። ሸራውን አውጥተው ጀርባውን ይዩ፤ እርጥብ ከሆነ የሚያፈሰው ፒስተኑ ነው፤ ስንት ጊዜ ቢሞሉት ይመለስብዎታል።

ጥያቄ፦ ዲስኬ አልቋል መሰለኝ፤ ልቀይረው ነው። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ይመስሉኛል። ምን ብዬ ልጠይቅ? ጓደኛዬ ደግሞ «ቶርኖ ቤት ይስተካከልልሃል፤ ካልሆነም ከላሜራ ያወጡልሃል» አለኝ።
*ከደሴ፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ከኮምቦልቻም ደርሶናል*

መልስ፦ ቶርኖ ቤት ይሂዱ፣ ግን ውፍረቱን ለማስለካት ብቻ። ቬርኒየር ወይም ማይክሮሜትር እዚያ አይጠፋም። የሺማኖ ዲስክ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1.5 ሲደርስ ይጣላል። ከሁለቱም ወገን በድምሩ የሚበላው 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። የመኪና ዲስክ ወፍራም ስለሆነ ይቆረጣል፣ ይስተካከላል፤ ከዚህ ላይ ግን የሚቆረጥ ምንም የለም። የማጉራ ዲስክ ደግሞ በ2.0 ጀምሮ በ1.8 ያበቃል። ለሺማኖ አዲስ የሆነው ቁጥር ለማጉራ ማብቂያው ነውና የሌላ ሰው ቁጥር ሰምተው አይወስኑ፤ አብዛኛው ዲስክ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተቀርጿል። ሲለኩ የቬርኒየሩ ጥርስ በተበላው ቦታ ላይ ይረፍ። ያልተበላው የዳር ከንፈር ላይ ካረፈ ያለቀውን ዲስክ አዲስ ነው ይልዎታል። አራት ቦታ ይለኩና ትንሹን ቁጥር ይያዙ።

ላሜራውን ይተዉት። የፍሬን ዲስክ በሙቀት የጠነከረ የማይዝግ ብረት ነው። ላሜራ ለስላሳ ነው፤ በክረምት አንድ ሌሊት ዝናብ ይዝጋል፣ የብረት ዱቄት ሸራ ቶሎ ይበላዋል፣ ሲግል ይጎብጣል። የባለሙያው እጅ የቱንም ያህል ቢረቅ ብረቱ አይለወጥም።

አሁን ወደ ግዢው። አሮጌውን ዲስክ ፈትተው ይዘው ይሂዱ፤ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

መጀመሪያ ስፋቱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በመሐሉ በኩል ይለኩ፦ አብዛኛውን ጊዜ 160፣ 180 ወይም 203 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ካሊፐሩ የቆመው ለአንዱ ስፋት ነው። ትልቅ ዲስክ ጭራሽ አይገባም። ትንሽ ዲስክ ግን ይገባና ያታልላል፤ የሸራው የላይኛው ክፍል ከዲስኩ ውጪ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ሳይበላ ጥርስ ያወጣል። በመጨረሻ ሁለቱ ጥርሶች እርስ በርስ ይገናኙና ዲስኩን መንከስ ያቆማሉ። ከ160 ወደ 180 ለማሳደግ ከወሰኑ፣ ካሊፐሩን ከፍ የሚያደርግ ማጋጠሚያና ረዘም ያሉ ብሎኖች አብረው ይግዙ፤ ብሎኖቹ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ጥርስ ውስጥ መግባት አለባቸው። የፊቱ ሹካ የሚችለው ትልቁ ስፋት ስንት እንደሆነም ይጠይቁ። አንዳንድ ርካሽ ሹካ የተሠራው ለ160 ብቻ ነው፤ ተጨማሪውን ጉልበት የሚሸከመው ደግሞ እሱ ነው።

ቀጥሎ አተሳሰሩ። በስድስት ብሎን የሚታሰረው ላይ የሁለት ተቃራኒ ቀዳዳዎች መሐል ለመሐል ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብሎኖቹ በቁጥር 25 ኮከብ ቁልፍ ይፈታሉ። ሌላው መሐሉ ላይ ጥርስ ያለውና በአንድ ትልቅ ቀለበት የሚታሰረው «ሴንተርሎክ» ነው። ስድስቱን ብሎኖች አንዱን አጥብቀው ወደ ጎረቤቱ አይለፉ፤ ወደ ተቃራኒው ይሻገሩ። ሺማኖ ለእያንዳንዱ ከ2 እስከ 4 ኒውተን ሜትር ይላል። ይህ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ ቢበዛ 4 ኪሎ ግራም ክብደት እንደማንጠልጠል ነው። በሙሉ ጉልበት ያጠበቀ ሰው የሞዞውን ጥርስ ያበላሻል። የሴንተርሎክ ቀለበት ግን 40 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ 40 ሴንቲ ሜትር እጀታ ላይ 10 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ያላሉታል።

ሦስተኛው፣ ሰዎች የማያነቡት ጽሑፍ ነው። «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» የሚል ቅርጽ ያለበት ዲስክ ለለስላሳው የሙጫ ሸራ ብቻ የተሠራ ነው። የብረት ዱቄት ሸራ ካስገቡበት ሸራው ዲስኩን ይበላዋል። ከሺማኖ ባለ ስድስት ብሎን ዲስኮች አርቲ 26 እና አርቲ 56 ለሙጫ ሸራ ብቻ ናቸው፤ አርቲ 66 ሁለቱንም ይቀበላል። ሐረጎን ለሚወርድ ሰው የኛ ምርጫ እንደ አርቲ 66 ያለው፣ በፊት 180፣ በኋላ 160 ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን አርቲ 56 ከሙጫ ሸራ ጋር ጸጥ ያለና በቂ ነው። ክብደት ለመቀነስ ብዙ ቀዳዳ የተበሳሱ ዲስኮችን ለዚህ አገር ቁልቁለት አንመክርም፤ ብረቱ ባነሰ ቁጥር ሙቀቱ የሚያርፍበት ያጣል።

ያገለገለ ዲስክ ከቀረበልዎ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኝተው ዳሩን በጣትዎ ዞር እያሉ ይጫኑ፤ ከተንገጫገጨ ይመልሱት። አዲሱን ዲስክ ከመግጠምዎ በፊት በአልኮል ይጥረጉት፣ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት ይመልከቱ፣ ሸራውንም አብረው ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ የሽቦ ዲስክ ፍሬን ነው ያለኝ። እጀታው መሪውን እስኪነካ ይገባል። ሽቦውን ሁለት ጊዜ ሳብኩት፤ ተመልሶ ያው ነው።
*ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ*

መልስ፦ ሽቦው አይደለም፤ ሸራው ሳስቷል። የዘይት ፍሬን የሸራውን መሳሳት ራሱ ያካክሳል፤ የሽቦው አያካክስም። ሽቦውን በሳቡ ቁጥር የካሊፐሩ ክንድ ገና ሳይነካ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይጠብቃል፣ ጉልበቱንም እዚያው ይጨርሳል። ሽቦውን ፈትተው ክንዱ ወደ መነሻው እስኪመለስ ይተዉት። የቆመውን ሸራ ከጎማው ወገን ባለው ማስተካከያ ወደ ዲስኩ ያቅርቡ፤ ከዚያ ሽቦውን ሳያስጨንቁ ይሰሩት። እጀታው ግማሽ መንገድ ላይ መያዝ አለበት። ማስተካከያው መጨረሻው ላይ ከደረሰ አዲስ ሸራ ይግዙ።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጫንኩት። ደሴ ሲደርስ የፊቱ ፍሬን ሸራ ተጣብቆ ጎማው አልገባ አለ፤ የኋላው ደግሞ ሲጨመቅ እንደ ስፖንጅ ነው። ተሰብሮ ይሆን?
*ከደሴ፣ መናፈሻ*

መልስ፦ አብሽሩ፣ የተሰበረ ነገር ያለ አይመስልም። የፊቱ ጎማ ወጥቶ ሳለ የሆነ ዕቃ እጀታውን ተጭኖት ፒስተኖቹ ወጥተዋል። በሸራዎቹ መካከል ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብተው ቀስ ብለው ያስፉ፤ ፒስተኖቹ ይመለሳሉ። አዲስ ሸራ ካለ ይህን በአሮጌው ላይ ያድርጉት፤ ፒስተኑን በቀጥታ በብረት አይንኩት። ለወደፊቱ ጎማው ሲወጣ በሸራዎቹ መካከል የታጠፈ ካርቶን ይሰኩ።

የኋላው ነገር ደግሞ ይህ ነው። በእጀታው ራስ ላይ ባለው ትንሽ የዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥቂት አየር ከነበረ፣ ብስክሌቱ ተገልብጦ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ሲንገጫገጭ አየሩ ወደ ቱቦው ይገባል። ብስክሌቱን በጎማው አቁመው እጀታውን ሃያ ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ይጨምቁ። ከዚያ እስከ ጠዋት በከመነዳሪ ቁራጭ ከመሪው ጋር አስረው ያሳድሩት፤ አየሩ ወደ ላይ ይመለሳል። ጠዋት ከጠነከረ ለጊዜው ይነዳሉ። አሁንም ከላላ አየሩ መውጣት አለበት። ሺማኖ ከሆነ ጎማውንና ሸራውን አውጥተው የሸራውን ቦታ የሚተካውን ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ ይሰኩ፣ እጀታውን ከመሬት ጋር አግድም ያድርጉ፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ይዘው ክዳኑን ፈትተው የዘይት መቀበያውን ፈንገል ያስሩበት። በካሊፐሩ ላይ ሲሪንጅ ከነቱቦው ሰክተው በባለ 7 መፍቻ ስምንተኛ ዙር ብቻ ይክፈቱ፣ ዘይቱን ከታች ወደ ላይ ይግፉ። አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ከታች መጀመሩ ሥራውን ያቀላል። ቱቦውን በጣትዎ እየመቱ አረፋው መውጣት እስኪያቆም ይቀጥሉ፤ ከዚያ ካሊፐሩን ዘግተው እጀታውን ደጋግመው ይጨምቁ፣ መሪውንም ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች ያዘንብሉ። ፈንገሉ ውስጥ አረፋ ካልታየ ክዳኑን መልሰው ይዝጉ። ሸራውን ከመመለስዎ በፊት ካሊፐሩን በአልኮል ይጥረጉ፤ አንዲት የዘይት ጠብታ ለአዲስ ሸራ ትበቃለች።